በዝርዝሩ ላይ የሌለችው ልጅ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 20

ዛሬም አንተ አለኝ። «አንተ ዘበኛ፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው እንዳታስገባ» አለኝ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለው አስተባባሪ። ዳምጤ የሚባል ስም አለኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ተማሪዎቹ ጋሽ ዳምጤ ይሉኛል፤ የገጠሮቹ ደግሞ አያ ዳምጤ። አንተ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

ድሮ ቢሆን ንዴቴን በበሩ ብረት ላይ እወጣው ነበር። አሁን እጽፈዋለሁ። የማታ ትምህርት መምህራችን በየቀኑ ትንሽ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል ብላናለች። ከእኔ የሚሸሽ ፊደል የለም። በሰኔ ከአሥራ አራት ጎልማሳ አንደኛ የወጣሁ እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣው የድሮ ዲያቆን ነው፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ መዘጋት ነበረበት። ዘንድሮ ግን ስልሳ ስምንት ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ይዘጋጁ ተብሎ ከቋሪት፣ ከአዴት፣ ከቡሬ፣ ከጅጋ ተመርጠው እዚህ ፍኖተ ሰላም ገብተዋል። እዚሁ ይማራሉ፣ እዚሁ ይበላሉ፣ እዚሁ ያድራሉ። ወንዶቹ ወንበር ገጥመው በመማሪያ ክፍሎቹ ይተኛሉ፤ ሴቶቹ በቤተ መጻሕፍቱ። ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛና ፊዚክስ፣ በመካከሉ ጭቃ። ልብስ አይደርቅም። መምህሩ ሲጽፍ ከጥቁር ሰሌዳው ጠርዝ ላይ የሰው ካልሲ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ምሳ ክክ፣ ራት ክክ። የቡሬ ልጆች ከተሜ ነን ብለው ያማርራሉ፤ የቋሪቶቹ ሳህናቸውን ጠርገው እንደገና ይሰለፋሉ። የእኔ ሥራ በሩና ደወሉ ነው።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው መጣ። ጋቢው ዝናብ ጠጥቶ ከብዶታል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በቀይ ክር የተሰፋ የአቡጀዲ ከረጢት ይዟል። ልጄን ፈልጌ ነው አለ። ማን ትባላለች? ብርቄ። የአባቷ ስም? «እኔ ነኛ፤ ቢያድግልኝ።»

ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። ዝርዝሩን ከኪሴ አወጣሁ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። ከአንድ እስከ ስልሳ ስምንት፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር ሳላስኬድ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። አንድም ስም አልሳትኩም። ብርቄ የሚባል የለም። እንደገና አነበብኩለት። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ለራሴ ደስታ ነው።

ወረቀቱ የለችም ይላል አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እርስዎ ካነበቡት የለችማ» አለ። ከረጢቱን ሰጠኝ። ቆሎ ነው፣ ለማናቸውም የሰው ልጅ ስጡልኝ ብሎ በመጣበት ዞረ።

ሻይ እንኳ ጠጡ አላልኩትም። ግን እንዴት አድርጌ አነበብኩት! መምህርቷ በሰማችኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 21

በማን እንደምናደድ ገና አልለየሁም፤ ከራሴ ልጀምር።

ምሳ ሰዓት ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ የትናንቱን አወራሁላቸው። እኔ ሳወራ ሰልፉ አይሰለችም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሰውየውን አረማመድ አስመሰልኩ፣ ድምፁን አስመሰልኩ። ብርቄ ሲለኝ የጠፋችበት ላም መስላኝ ነበር አልኩ። ሳቁ ጣሪያውን ነካ። በዚህ መሐል ከረጢቱን ይዤ ቆሎውን በየእጃቸው አከፋፍላለሁ።

ሕይወት ጋ ደረስኩ። ሕይወት የቋሪት ልጅ ናት፤ በሒሳብ መምህሩ ራሱ ሲጨንቀው ወደ እሷ ዞር ይላል። እጇን ዘርግታ ነበር። ከረጢቱን ስታይ ሰበሰበችው። ቀዩን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህን እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች። ቀጥላም፣ «ብርቄ እኔ ነኝ» አለች።

ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ብርቄ ናት፤ አገር የሚያውቃት በዚህ ነው። ለትምህርት ጅጋ አጎቷ ዘንድ ስትገባ አንድ መምህር ብርቄ የገጠር ስም ነው ብሎ ሕይወት አላት። አጎቷም ሲያስመዘግባት አባት ብሎ የራሱን ስም አስጻፈ። ቅርብ ያለው ወላጅ ይመዝገብ ስለተባለ ነው አለች። ስለዚህ በእኔ ዝርዝር አርባ አንደኛዋ «ሕይወት ስማቸው» ናት። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። አባቷ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጠራኋት።

አጎቷ መተከል ለእርሻ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። አባቷ ስልክ የለውም።

የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። ታላቅ እህቷ ልማር ብላ ከቤት ወጥታ ወሬዋ የጠፋ ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን ደግሞ የሰፈሩ ሰው በክረምት ትምህርት የለም፣ ይችም እንደዚያችው ናት ሲል ከረመ። በክረምት ትምህርት እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። አባቷ ስትወጣ እንዲህ ብሏት ነበር፤ በዓይኔ ላይሽ እመጣለሁ፤ ካገኘሁሽ ጠጉርሽ እስኪሸብት ተማሪ፤ ካጣሁሽ ልጅ የለኝም፣ ትንሿም ከደጅ አትወጣም። ትንሿ ጥሩወርቅ ናት። በመስከረም ትምህርት ልትጀምር ነበር።

ሰውየውም ቃሉን ጠበቀ። መጣ። እኔ መለስኩት።

ፊደል ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ግቢው መሐል ቆሜ «የማን አባት ነው?» ብዬ እጮህ ነበር። በቃ። ሮጣ ትመጣ ነበር።

ቆሎውን እኔም በልቼዋለሁ። ሁለት ጭብጥ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 22

ጠዋት አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። ኮፍያዬን አውልቄ፣ በትሕትና። ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። እየሰማሁህ ነው ብሎ በስልኩ ይጫወታል። በመጨረሻ፣ ፎርሙ ላይ ያለው ስሟ ሕይወት ነው፣ እኔ ሌላ ስም አላውቅም አለ። አባቷ እኮ መጥቶ ነበር አልኩት። አባቷ ስማቸው ነው ይላል ፎርሙ አለኝ። ሰው ወልዶ አሳድጎ በፎርም ይሻራል?

እንግዲያው ልጅቷን ለሁለት ቀን ይልቀቋት አልኩት። ሰኞ ፈተና አለ፤ እስከ መጨረሻ የሚቆዩት የሚለዩበት ነው። ከግቢ የወጣ ይሰረዛል አለ። ታዲያ እኔ ልሂድ አልኩ። «አንተ በሩን ልትጠብቅ ነው የተቀጠርከው።» ዛሬ አንተ ያለኝን ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ።

ስወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ደብተሮቿን በፌስታል ቋጥራ።

ይክፈቱልኝ አለችኝ። አልከፍትም አልኳት። «እርስዎ ነዎት እኮ የዘጉት» አለች። እንደሷ አድርጎ በቀስታ የሚናገር ሰው ክፉ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተቀመጥን፤ እሷ በድንጋዩ ላይ፣ እኔ በበርጩማዬ። አንቺ ፈተናሽን ያዥ፣ እኔ እሄዳለሁ አልኳት። እስከ እሑድ ማታ ካልተሳካልኝ በሩን እከፍትልሻለሁ ብዬ ማልኩላት። ደብዳቤ ልጻፍ አለችና ራሷ ተወችው፤ አባቷ አያነብም። የሚያነብለትም ሰፈሩ ሲያማት የከረመው ነው። እኔም ወረቀት አልይዝም አልኩ። ወረቀት በቅቶኛል።

«እንኪያስ ምልክት ልስጥዎ» አለች።

እኛ ዘንድ መልእክተኛ ያለ ምልክት አይታመንም። ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያውቁት ነገር ይነገራል፤ ያን የተናገረ እውነትም ከእሷ ዘንድ ነው ይባላል። ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለእሱ ሳይደርስ ለደብተር አይነገርም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 23። ጅጋ፣ ሻይ ቤት

ቁልፉንና ደወሉን ለእትዬ ጥሩ ትቻለሁ። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ናት። አስተባባሪው አንቺ ቢላት ጭልፋው ቅርቧ ነው።

ያለ ፈቃድ ነው የወጣሁት። ሃያ ሁለት ዓመት በር ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው።

የያዝኩት፦ ዱላ፣ ላስቲክ፣ ባዶ ከረጢቷ። ቆሎውን አልመልሰውም፤ ከረጢቱን ግን እመልሳለሁ።

ከዚህ ወደ ቋሪት በእግር ነው። ደመናው ከወዲያ ጫፍ ጠቁሯል። እሱ ሰውዬ ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ መጥቶ ነው እርስዎ ካነበቡት የለችማ ብሎኝ የተመለሰው። ባሰብኩት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ሂድ ዳምጤ፣ አንደኛ የወጣኸው! አንብበው መንገዱን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 24። እንደገና ጅጋ

መኪና እየጠበቅሁ ነው። ላስቲኩ ተቀዶብኝ ደብተሩ ረጥቧል፤ ፊደሉ ግን አልሸሸም።

ወንዙን ከሁለት መንገደኞች ጋር ሦስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርነው። ውኃው ወገቤ ደረሰ። ለልጆቹ ሳወራው አንገቴ አደርሰዋለሁ።

ቤቱ ስደርስ ደጃፉ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ እናቷ ጥቁር ነገር ጣል አድርጋለች። ልቅሶ መስሎኝ ዱላዬን ተደገፍኩ። ለካ አባትየውን ሊያጽናኑ ነው። ሁለተኛዋም ጠፋች ብለው! በሕይወት ላለች ልጅ ተቀምጠው ሊያስተዛዝኑ! ከመናደዴ የተነሳ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልል ልጅዎ እኛ ዘንድ አለች አልኩ።

ማንም አልተነሳም። አባቷ ቀና ብሎ አየኝ። አወቀኝ።

«ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ እኮ» አለ። «አንዴ ቢሆን ስተው ነው እል ነበር።»

ይህን ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። አንደኛው ሽማግሌ ወረቀት ይዋሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀልድ ፈለግሁ። አፌ ውስጥ አንድም ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ ያለውን ነገርኳቸው። ፊደል ከለየሁ ዓመት አይሞላኝም አልኩ። ሁለተኛውን ያነበብኩት ልጅቷን ፍለጋ ሳይሆን ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ነው አልኩ። የመምህሩን ነገር፣ የአጎቷን ነገር ነገርኳቸው። ሽማግሌው፣ እንዲያ ከሆነ የወንድምህ ልጅ ሆናለች በለኛ ብሎ አባትየውን ነካ አደረገው። አባቷ አልሳቀም። ፊቱ እንዲያውም ባሰበት። ስሜንም ወሰዱት? አለ፣ ለራሱ።

ምልክት አለኝ አልኩ። ይናገሩ አሉ ሽማግሌዎቹ። ለእሱ ብቻ ነው አልኩ።

ከአጥሩ ጀርባ ወጣን። አሁን ስለደረሰ ልጽፈው እችላለሁ። ያለችኝ ይህ ነው፤ ዳለቻው በሬ ገደል የገባ ለት ከአፋፉ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ ያየሁትን ለእናቴም ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልናገርም በሉት።

ሰውየው ፊቱን ወደ በቆሎው አዞረ። ከዚያ ዶማውን አንስቶ ወደ ማሳው ወረደ። ይከተሉኝም አላለኝ፣ ይሂዱም አላለኝ።

እናቷ ያገኘችውን አቀረበችልኝ። ትንሿ ጥሩወርቅ ከረጢቱን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች። እዚያ ደወል አለ? አለችኝ። አለ፣ እኔ ነኝ የምደውለው አልኳት። የዚያን ቀን የጎረርኩት ይህን ብቻ ነው።

ጠዋት ስወጣ አባቷ ቀድሞኝ ማሳ ወርዷል። ከሩቅ እጄን አነሳሁ። አነሳ ወይስ ላቡን ጠረገ፣ አልለየሁም።

እሑድ፣ ሐምሌ 25

በሩ ላይ ደብዳቤ ጠበቀኝ። «ለአቶ ዳምጤ፣ ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ» ይላል። በዕድሜዬ በስሜ የተጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። አስተባባሪው ፊት ቆሜ፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ሳይቀር፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ደብዳቤው ላይ አቶና እርስዎ ነው የሚለው። በአፍዎም እንደዚሁ ቢሉ ምናለ አልኩት። ቀላ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ቅርብ ነው መሰለኝ።

ሕይወት፣ ብርቄ፣ ምን ብዬ እንደምጽፋት እንጃ፣ ልጆቹ በመምህር ተመርተው ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ወደ እኔ መጣች። ምን አለ? ምንም አላለም አልኳት። ምልክቱን ነገሩት? ነገርኩት። ከዚያስ? ዶማውን ይዞ ወረደ።

ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ ሳቋን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሲያስብ እንደዚያ ነው አለች። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ፤ ተስፋ ሲቆርጥም እንደዚያው ነው አለች።

ማታ በሩን እከፍትልሻለሁ ብዬ ነበር፣ ቃሌ ነው አልኳት። ሰኞን ልፈተንና እሄዳለሁ፤ ቢሰርዙኝም ያወቅሁትን ጽፌ ይሰርዙኝ አለች።

ጓደኞቿ ምሳዋን አምጥተው እኔ ዘንድ አስቀመጡ። አልነካችውም። እኔም አልነካሁትም። አስተባባሪው ሰፈር የእግር ኳስ ይሰማል በሬዲዮ። ጎል ሲገባ የጮኸው ጩኸት አናደደኝ። ዛሬ ዝናቡም አናዶኛል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 26

በእርሳስ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶዬን ልጅቷ ለፈተና ወስዳዋለች።

ፈተናው በሁለት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ያው ጋቢ፣ ያው ጭቃ። ትከሻው ላይ ጥሩወርቅ ተቀምጣለች፣ ላስቲክ ተከናንባ። ሌሊት ተነስተው ነው፤ ወንዙን በትከሻው አሻግሯታል።

ዝርዝሩን ከኪሴ አላወጣሁም። «አለች፣ ይግቡ» አልኩት።

ፈተና ላይ ናት፣ ልጥራልዎ አልኩ። በዓይኔ ልያት አለ። በጓሮ በኩል መስኮቱ ጋ ወሰድኳቸው፤ አንደኛው መስታወት የተሰበረ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች። ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ነክሳለች። እሱ ሕፃኗን ከትከሻው አውርዶ በሁለት ክንዱ መስኮቱ ድረስ አነሳት።

«አየሻት?»

«ምን እየሠራች ነው?»

«እየተማረች ነዋ።»

አሁንስ ልጥራት አልኩ። «አይጥሯት፤ ሥራ ላይ ናት» አለኝ። እንደዚያ ቆመው አዩ። ዝናቡ በጣሪያው ጠርዝ ጋቢው ላይ ይወርዳል።

አስተባባሪው ጃንጥላ ይዞ መጣ። ማን አስገባቸው አለ። ዝርዝሩ ላይ አሉ አልኩ። የታሉ? አሁን አወጣሁለት። አርባ አንደኛው መስመር ላይ፣ ከሕይወት ስማቸው ጎን፣ ሐሙስ ከቢሮው ስወጣ በራሴ እጅ የጻፍኩት አለ፦ ብርቄ ቢያድግልኝ። ይህን ማን ጻፈ? እኔ። በማን ፈቃድ? አባቷ እዚህ ቆመዋል፣ እሳቸውን ጠይቅ አልኩት። እኔም አንተ አልኩት፤ አወቀብኝ። ሰውየው ወረቀቱን ጠየቀኝ። ስሙ የቱ እንደሆነ አሳየሁት። ረጥቦ የነበረ ጣቱን በጋቢው ውስጥ አድርቆ ከላዩ አሳረፈው። አስተባባሪው ወደ ጃንጥላው ውስጥ ገባ።

ከዚያ አባቷ መሄድ አለብኝ አለ፣ ወንዙ ሳይብስ። ከረጢቱን መልሶ ሰጠኝ፤ ሞልቷል። ለማናቸውም ልጅ አላለኝም። «ለብርቄ» አለኝ።

ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ እሷ ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ ወጣች። ከረጢቱን በርቀት አየችው። መጥቶ ነበር? መጥቶ ነበር። ምን አለ? ሥራ ላይ ናት አለ አልኳት።

ሮጠች። በሩ ዘንድ ሳትደርስ ከፈትኩት። ከኋላዬ አስተባባሪው ይጮሃል፤ የሚለውን አልሰማሁትም፤ ማስጠንቀቂያ ከሆነም በደብዳቤ ይደርሰኛል። መንገዱን ቁልቁል እስክሪብቶዬን እንደያዘች ስትሮጥ አየሁ። ትንሿ ናት ቀድማ ዞር ያለችው። ከዚያ እሱ ቆመ፣ ቆቡን አወለቀ። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ስትመለስም አልጠየቅሁም። ደወሉ ሳይደወል ተመልሳለች፤ ያንን ለአስተባባሪው እመሰክራለሁ። ይሰርዛት እንደሆነ ነገ ይለያል። እኔንም ነገ እንነጋገራለን ብሎኛል፤ እንነጋገራለን ማለቱ ራሱ እድገት ነው።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ በሩ ላይ ተሰለፉ። የቤት ስማችንን ይጻፉልን አሉ። አንዱ የአዴት ልጅ ቤት ውስጥ ስንት ስም እንዳለው ሲነግረኝ እርሳሴ ደነዘ። እስካሁን አርባ ሁለት ጽፌያለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ከሁሉም አምሮ የተጻፈው አርባ አንደኛው ነው።

ጥሩወርቅ በመስከረም ትግባ አትግባ ሰውየው አልተናገረም። ላስቲኳን ሲያለብሳት ጠየቅሁት፤ መስከረም ሩቅ ነው አለኝ። ግን መስኮቱ ላይ ሲያነሳት አይቻለሁ፤ ክንዱ እየተንቀጠቀጠም በቃኝ ሳትል አላወረዳትም።